የአገር ውስጥ የቼዝ ውድድር በዓለም ሚዛን ይመዘን ወይ?

ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ኪሎ ግን ቢቸናም ሆነ ሞጣ ያው ኪሎ ነው። ቼዝም የራሱ ኪሎ አለው። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ ከ1970 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ፕሮፌሰር አርፓድ ኤሎ ባወጡት ስሌት ለተጫዋቾች ነጥብ ይሰጣል። ዛሬ ዝቅተኛው ነጥብ 1400 ነው፤ ግራንድማስተር ለመባል ደግሞ ከሌላው መመዘኛ ጋር 2500 መድረስ ያስፈልጋል።

ታዲያ የአገር ውስጥ ውድድራችን በዚህ ሚዛን ይመዘን ወይ? አንዳንዶች «ምን ያደርግልናል? ክፍያ አለው፣ ፈቃድ ያለው ዳኛ ይጠይቃል፣ ጀማሪውንም በቁጥር ያሸማቅቃል» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ስለዚህ የክፍልና የክበብ ጨዋታ እንደ ወትሮው ያለ ነጥብ ይቀጥል እንላለን።

የዞንና የክልል ውድድር ግን መመዘን አለበት። ለምን ቢሉ፣ አዲስ ተጫዋች የመጀመሪያ ነጥቡን የሚያገኘው ነጥብ ካላቸው ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ ሲጫወት ነው። እንዲህ ያለው ውድድር አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከተደረገ፣ የደብረ ወርቅ ልጅ ለመመዘን ብቻ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ሊከፍል ነው። የሌለው ይቀራል፤ ችሎታውም አብሮት ይቀራል። ባለነጥቦቹ ወደ እኛ ቢመጡስ ምን አለበት?

እኛም ዕጩ መምህራን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። በምንመደብበት ትምህርት ቤት ተማሪው እርምጃውን በወረቀት መመዝገብና በሰዓት መጫወት ይልመድ። ሚዛኑ ሲመጣ እህሉ ተበጥሮ ይጠብቀው።