የቡድሃን ራስ አትግዙ

የቡድሃን ምስል ለቤት ማስጌጫ የሚገዛው ሰው በዝቷል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከቤት ዕቃ መደብር ገዝተው ሳሎናቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። መንፈሳቸውን የሚያረጋጋላቸው ከሆነ ቅር አይለኝም። የማይዋጥልኝ ከአንገቱ ተቆርጦ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ራስ ነው።

ይህ ቅርጽ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1767 የበርማ ጦር የሲያምን (የዛሬዋን ታይላንድ) ዋና ከተማ አዩታያን አቃጥሎ አፈረሳት። ዛሬም በዋት ማሃታት ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ ራስ የሌላቸው ምስሎች በረድፍ ተቀምጠው ይታያሉ፤ አንዱን ራስ ደግሞ የዛፍ ሥር አቅፎታል። ጦርነት የተወውን በኋላ ሌቦች ጨረሱት። ሙሉ የድንጋይ ምስል ከባድ ነው፤ ራሱ ግን ተቆርጦ በጆንያ ይወጣል፤ ባሕር ማዶም ገዢ አያጣም። በካምቦዲያ፣ በአንግኮር ቤተ መቅደሶችም የደረሰው ይኸው ነው። በየመደብሩ የተደረደረው ራስ የፋብሪካ ሥራ ቢሆንም ቅርጹ የተወረሰው ከዚህ ዘረፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱብን ታቦታት ከብሪቲሽ ሙዚየም እንዲመለሱ ዛሬም የምንጠይቅ እኛ፣ ይህ ነገር ከማንም በላይ ሊሰማን ይገባል።

እንግዲህ የሚገዛ ሰው ሙሉውን አካል ይግዛ፤ እጁንም ልብ ብሎ ይይ። ቀኝ እጁ በጉልበቱ ላይ ወርዶ ጣቶቹ መሬት ከነኩ፣ በሕንድ ቦድ ጋያ በዛፍ ሥር ብርሃን ባገኘበት ሌሊት ምድርን ለምስክርነት የጠራበት ነው። ሁለቱም እጆች ጭኑ ላይ ተደራርበው ካረፉ በተመስጦ ላይ ነው፤ ቀኝ መዳፉን ወደ ፊት ከፍ ካደረገ ደግሞ “አትፍሩ” ማለቱ ነው። ሆዱ ገፍቶ የሚስቀው ወፍራም ሰውዬ ግን ቡድሃ፣ ማለትም ሲድሃርታ ጋውታማ አይደለም። እሱ ቡዳይ የሚባል ቻይናዊ መነኩሴ ነው፤ በ10ኛው መቶ ዘመን እንደኖረ ይነገርለታል።

ቦታውም ይታሰብበት። ወለል ላይ፣ ጫማ መደርደሪያ አጠገብ ወይም መታጠቢያ ቤት አይቀመጥም። ታይላንዳውያን ከፍ ባለ ስፍራ ያኖሩታል፤ ፊቱ ሲቀመጡም እግራቸውን ወደ እሱ አይዘረጉም። አበባና ሻማ ያቀርቡለታል፤ በሚያዝያው የሶንግክራን በዓል ሽቶ ያለበት ውኃ ቀስ አድርገው ያፈሱበታል። ይህ ሥርዓት እንጂ እጥበት አይደለም። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ወርቅ ቅቡ በውኃና በፍትጊያ ይለቃል፤ እንጨቱ ፀሐይና ማሞቂያ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ነሐስ በዕድሜ ያወጣውን ጥቁር ቡናማ መልክ በሎሚ መፈተግም ውበቱን መግፈፍ ነው።

“እኔ ቡድሂስት አይደለሁም፣ ምን አገባኝ?” የሚል ይኖራል። የእመቤታችን ሥዕል በመጋረጃ በሚሸፈንበት አገር ያደገ ሰው ግን ሥዕሏን ሌላው መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ቢሰቅላት ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል። ለሚሊዮኖች የተቀደሰውን ነገር ቤቱ ያስገባ ሰው፣ ባያመልከውም ክብሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መደብር ስትገቡ ያ የተቆረጠ ራስ የቱንም ያህል ቢያምራችሁ ለቤታችሁ አትግዙት፤ ለማንም ስጦታ አታድርጉት።