«ሲራጥ» ማለት ያቃተው ደረሳ

 

መድረሳችን ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ፋቲሓ ላይ «ሲራጥ» ሲባል «ሲላጥ» ይላል። በአማርኛ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹም ስሙን «ሲላጥ» አሉት። እኛ ኡስታዞቹ፣ አላህ ይቅር ይበለን፣ ፈገግ ብለን አለፍን። አልፎ አልፎም አስቁመን አሥር ጊዜ አስደገምነው። ልጁ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ቀጥሎ «ሆዴን አመመኝ» አበዛ፣ ከዚያ ቀረ።

እኛ እኮ የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ የምናስተምር ነን! የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ ዱዓ አድርገዋል፤ በአንደበት የሚበልጣቸው ወንድማቸው ሃሩንም እንዲያግዛቸው ጠይቀዋል። እየከበደው ቁርኣን የሚቀራ ሁለት አጅር እንዳለው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ፉቀሃዎችም እንዲህ ዓይነቱን ሰው «አልሰግ» ብለው ዑዝሩን ተቀብለውለታል፤ ማቅናት ካልቻለ ለራሱ የሚሰግደው ሶላት ትክክል ነው።

«ር» ዘግይተው ከሚመጡ ድምፆች አንዱ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቢስተው አያስደነግጥም። ግን በዚያ ዕድሜው ንግግሩ ከቤተሰብ ውጭ ላለ ሰው ጨርሶ የማይገባ ከሆነ፣ ወይም ጆሮው እየደጋገመ የሚመግል ከሆነ «ሲያድግ ይተወዋል» አይበቃም። በደንብ ያልሰማውን ድምፅ እንዴት ያወጣዋል? ከአንገት በላይ ሐኪም ጆሮውን ይይለት። እንጥል ማስቆረጥ ግን ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ሌላ ነገር አያመጣም። «ር» የምትወጣው ከምላስ ጫፍ ነው፤ ተጅዊድ የቀራ ሰው ይህን መኽረጅ አጥቶት አያውቅም።

«ቤት ስልጥኛ፣ ሰፈር አማርኛ፣ እዚህ ዐረብኛ ሰምቶ ተምታታበት» የሚሉም አሉ። ብዙ ቋንቋ መስማት ይህን ችግር አያመጣም። ችግር ያለበት ልጅ በሁሉም ቋንቋው ይስታል። ዐረብኛ ላይ ብቻ «ዷድ» ያስቸገረው ልጅማ ምንም አልሆነም፤ ስንቶቻችን ጢም አውጥተንም ያስቸግረን የለ!

እናትን መውቀስም ይቅር። ችግሩ በዘር ይሄዳል፤ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ እናት የመማር ዕድል ባላገኘችበት ቤትም በርከት ይላል። ከፈጅር በኋላ ወጥታ ለመግሪብ የምትገባ እናት ከልጇ ጋር መቼ ታውራ? ይህ የሷ ጥፋት ሳይሆን የኑሮ ነው።

ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ተመልሷል። አሁን ከዐስር በኋላ ለብቻው ይቀራል። ሲስት «ተሳስተሃል» አንለውም፤ ቃሉን አስተካክለን ቀስ ብለን እንቀራለትና እንቀጥላለን። ሐኪም ቤት የሚመላለስበት የትራንስፖርት ወጪ ግን ለእናቱ ከብዷታል። ጉዳዩን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀማዓው እናቀርባለን፤ የምትችሉ ቆዩ።