«በወርቅና በብርሃን ካንሰር ጠፋ» እያላችሁ የምታጋሩ፣ እባካችሁ አቁሙ!

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቦምቤ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ (በፈቃዳቸው ነው የምጽፈው)። ጡታቸው ላይ እብጠት ካዩ ወራት አልፈዋል። ሪፈር ተጽፎላቸው ናሙና እንዲሰጡ ስነግራቸው ልጁ ስልኩን አወጣ። «ዶክተር፣ በናኖ ወርቅና በብርሃን፣ ያለ ኬሞና ያለ ኦፕራሲዮን ይጠፋል ይላል። እሱ እስኪመጣ ብንጠብቅስ?» አለኝ።

በልጁ አልፈርድም። የምፈርደው ቪዲዮውን «ኬሞ ቀረ!» ብለው በለጠፉት ነው።

ሳይንሱ ውሸት አይደለም። ከፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ የሚያንሱ የወርቅ ቅንጣቶች በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ከፊሎቹ እብጠቱ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ዓይን የማያየው የሌዘር ብርሃን ሲያርፍባቸው ይግላሉ፤ ሙቀቱም የካንሰሩን ሴሎች ይገድላል። አሜሪካ ውስጥ በ16 የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከ15 ሰዎች በ13ቱ፣ በታከመው ቦታ ላይ ካንሰር አልተገኘም።

ደስ ይላል! ግን ልብ በሉ፦

👉 ይህ ውጤት የ16 ሰዎች ብቻ ነው።
👉 ካንሰሩ ከፕሮስቴት ያልወጣ ነበር። ወደ ጉበት፣ ሳንባና አጥንት የተሰራጨውን በዚህ መንገድ አሳዶ ማጥፋት አይቻልም።
👉 ብርሃኑ ሥጋ ውስጥ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ አይዘልቅም። ሌዘሩን በቀጭን ቱቦ እስከ ውስጥ ያስገቡት ለዚህ ነው።

ደግሞም ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚደክሙት ሙቀቱን ከኬሞ ወይም ከሌላ መድኃኒት ጋር ለማጣመር ነው። «ጥምር ሕክምና» ማለት መጨመር ነው። እናንተ ግን «ተዉት» ብላችሁ ተረጎማችሁት!

«እኛ ተስፋ ነው የምንሰጠው» ትሉኛላችሁ። ሰውን ቤቱ የሚያስቀምጥ ተስፋ ግን ጉዳት ነው። ዛሬ በኦፕራሲዮን ሊወጣ የሚችል እብጠት ከወራት በኋላ ላይወጣ ይችላል።

ሙቀት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ በሀገራችን ሥራ ላይ ያለ አለ! ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ያደርጋሉ። በአንዱ ዘዴ የማኅፀን በር የኮምጣጤ አሲድ ተቀብቶ ይታያል። ለውጥ ከተገኘና ለዚህ ሕክምና የሚሆን ከሆነ፣ እስከ 100 ዲግሪ በሚግል ትንሽ መሣሪያ ይተኮሳል፤ አንዱ ትኩሳት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ካንሰር ሳይሆን በፊት ያስቀረዋል። ወርቅም ሌዘርም አይፈልግም። ታዲያ ለዚህ ቪዲዮ የሚሠራ የት አለ?

እኚያ እናት ከብዙ ንግግር በኋላ የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው ሄደዋል። ውጤታቸውን እየጠበቅን ነው።

ጡቷ ላይ እብጠት ያየች፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ የደማች ሁሉ፣ ቪዲዮ ሳትጠብቅ በቅርቧ ወዳለ ጤና ተቋም ትሂድ። ማጋራት ከፈለጋችሁ ይህን አጋሩ 🙏