ብልጭ የሚለው ነዳጅ ቆጣቢ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈሬ ልጅ «ነዳጅ በ30 በመቶ ይቆጥባል» ተብሎ የገዛውን ዕቃ አሳየኝ። በቪትዝ ራይድ ይሠራል። ዕቃው ከመሪው ሥር ባለው የኮምፒውተር መሰኪያ ይሰካና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል። የሁለት ቀን ገቢውን ከፍሎበታል። ፈትተን አየነው። ውስጡ ትንንሽ አምፖሎችና እነሱን የሚያበራ ሰሌዳ ብቻ ነው። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መስመር እንኳ አልተገናኘም።

ልጁ ሞኝ አይደለም። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የጨነቀው ሰው ተስፋ ይገዛል። ሻጮቹም የሚሸጡት ይህንኑ ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ገምግሟል። ጥቂቶቹ ብቻ መጠነኛ ለውጥ አሳዩ፤ ሞተር ሊጎዱ ወይም ጭስ ሊያባብሱ የሚችሉም ተገኝተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጤነኛ ሞተር የገባለትን ቤንዚን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያቃጥላል። ብክነቱ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በሚወጣው ሙቀት ነው። ስለዚህ በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት «በደንብ ያቃጥላል» ሲባል፣ የሌለ በሽታ ማከም ነው።

«እኔ ግን ለውጥ አይቻለሁ» የሚሉ አሉ። አይዋሹም። ገንዘብ የከፈለ ሰው ውጤቱን ለማየት ሲል ረጋ ብሎ ይነዳል። የቆጠበው እግሩ ነው፤ ዕቃው አይደለም። በከተማ ትራፊክ ውስጥ ብቻ እየፈተለኩ በድንገት ፍሬን መያዝ ከ10 እስከ 40 በመቶ ነዳጅ እንደሚያባክን የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ይገልጻል። የጎማ ነፋስ ማስለካት፣ ቆሞ ሲጠብቁ ሞተር ማጥፋት፣ የማያስፈልግ ጭነት ማውረድም ይረዳል። ለዚህ ጎሚስታ ጋ ጎራ ማለት ይበቃል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ግን ዐዋጁ ብቻውን አይሠራም። ብር ተቀብለን ማስታወቂያውን የምንለጥፍ እኛ የሚዲያ ሰዎችም «ፈትሻችሁታል?» ልንባል ይገባል። ከራይድ ሹፌር ኪስ የወጣው ገንዘብ የልጆቹ ዳቦ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ይህን ያህል የሚቆጥብ ከሆነ፣ ቶዮታ ለምን ከፋብሪካው አልገጠመውም?