ርእሰ አንቀጽ፦ የፉሪ እጣቢ ወዴት ይሄዳል?

በከተማችን ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ በፉሪ ተራራ ግርጌ ያለው ሰፈር ባለፉት ዓመታት እንዴት እንደ ሰፋ ከዚያ የሚመላለስ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በቧንቧ የገባው ውሃ እጣቢ ሆኖ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪና የረር የአቃቂን ተፋሰስ የከበቡ ከፍታዎች ስለሆኑ፣ በመካከላቸው የተደፋ ሁሉ ቦይ ለቦይ ወርዶ በአቃቂ ወንዞች በኩል አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ያልፋል።

አባ ሳሙኤል በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ዛሬ ግን እምቦጭ ተንሰራፍቶበታል፤ እምቦጩን የሚያወፍረውም እኛ በፍሳሽ የምንልክለት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። በአቃቂ ዳር የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን እንደሚመጣም የማያውቅ የለም። ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር፣ ሰላጣ ከሚበላበት ሳህን ይጀምር።

ፍሳሽን በሕያዋን አማካይነት ማጣራት ማለት ምንድር ነው? ማጣሪያ የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው የጠላ ማጥለያ የመሰለ ነገር አድርጎ ያስበዋልና። ጠጠሩ ጥቂት ቆሻሻ መያዙ አይቀርም፤ ዋናው ሠራተኛ ግን በጠጠሩ ላይ የሚያድገው ሽፋን ነው። ወንዝ የተሻገረ ሰው በድንጋይ ላይ ያንን የሚያዳልጥ ነገር ያውቀዋል። የባክቴሪያ መንጋ ነው፤ በውሃው የሟሟውን ቆሻሻ ምግቡ ያደርገዋል፣ አየር ካገኘም አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። እንደ እርሾ ነው፤ ካልተገደለ ሥራውን ራሱ ይቀጥላል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሎውረንስ የሙከራ ጣቢያ ፍሳሽ በአሸዋና በጠጠር ላይ በየጊዜው እየተቋረጠ ቢለቀቅ እንደሚጠራ አሳይቷል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ካቴ ዛይደል የተባሉ ጀርመናዊት የረግረግ ተክሎች ቆሻሻ ውሃን እንዴት እንደሚያጠሩ መርምረዋል። ለእኛ ግን ቃሊቲ ቅርብ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የቃሊቲ ጣቢያ በኩሬዎች የሚሠራ ሆኖ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበል የታቀደ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ሲታነጽ፣ ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ በባክቴሪያ ተብላልቶ ቀጥሎ በማንጠባጠቢያ ማጣሪያ ላይ እንዲወርድ ተደረገ። ስለዚህ ዘዴው ለአገሩ እንግዳ ነው የሚል ክርክር አይቆምም።

ታዲያ ሁሉን ወደ ቃሊቲ መስደድ አይሻልምን? መስመሩ ቢደርስ መልካም ነው። ነገር ግን የፍሳሽ ቱቦ ቤትን ተከትሎ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ ጉድጓዱ ይሞላል፣ የመምጠጫ መኪና ይለመናል፣ ክረምት ሲገባም በሌሊት ወደ ቦይ የሚለቅ አይጠፋም። በዚህ መካከል ለጥቂት ቤቶች በጋራ የሚሆን የጠጠር መደብ መሥራት ይቻላል። ፍሳሹ አስቀድሞ በዝግ ገንዳ ዝቃጩን ይተዋል፤ ከዚያ ቄጠማ ወይም ፊላ በተተከለበት ጠጠር ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ስለማይታይ ትንኝም ሽታም እምብዛም የለም። በተዳፋት ላይ ከተሠራ ፓምፕ አይፈልግም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱም ይነገር። ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 3 ካሬ ሜትር ቦታ ይፈልጋል፤ የፉሪን የመሬት ዋጋ የሚያውቅ ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። የገንዳው ዝቃጭ በወቅቱ ካልተጠረገ ጠጠሩ ይደፈናል። የቆዳ ፋብሪካን ክሮም ባክቴሪያ አይበላውም፤ እርሱ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ መያዝ አለበት። ከመደቡ የሚወጣውም ውሃ ለዛፍና ለሣር እንጂ በጥሬው ለሚበላ አትክልት አይሆንም። ይህን ሳይናገር ቄጠማን የሚያወድስ ቢመጣ አትመኑት።

ማኅበራችን ለመምህራን የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የሲቪል ምሕንድስናና የባዮሎጂ ተማሪዎች በጋራ፣ ከምግብ አዳራሻችን የሚወጣውን እጣቢ የሚቀበል አንድ መደብ እንዲሠሩ ይፈቀድ። ቅባቱን የሚያስቀር ጉድጓድ ከፊቱ ይኑር። በበጋም በክረምትም የገባውና የወጣው ውሃ ይመርመር፤ ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ በዚሁ ጋዜጣ ይታተም። ወደ ፉሪ ነዋሪዎችና ወደ ክፍለ ከተማው የሚኬደው ያን ጊዜ ነው። ለቁፋሮው ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ስማቸውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ።