ሐኪሙ ያልጠየቀው፣ ታማሚው ያልነገረው ፆም

ረመዳን በገባ ቁጥር በልደታም ሆነ በሌላው ሰፈር በብዙ ቤት የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ስኳር ያለባቸው እናታችን ይፁሙ ወይስ ይተዉት? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሚሰጠው ቤት ውስጥ ነው። እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ እያለ፣ «አትፁሚ እባላለሁ» ብለው ለሐኪማቸው ትንፍሽ ሳይሉ ወሩን የሚጀምሩ እናቶች አሉ። ሐኪሙም ቢሆን ወረፋው በዝቶበት የደሙን ቁጥር አይቶ መድኃኒት ይጽፋል እንጂ ስለ ፆሙ ላይጠይቅ ይችላል።

ይህ ዝምታ ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውና «ኤፒዲያር» የተባለው ጥናት በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕሙማንን አካቷል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለባቸው መካከል 79 በመቶ ያህሉ ከወሩ ቢያንስ 15 ቀን ፆመዋል። በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር ማነስ ከሌላው ጊዜ 7.5 እጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። ግብፅ፣ ሞሮኮና ፓኪስታን በጥናቱ ነበሩበት፤ ኢትዮጵያ አልነበረችም። የእኛ ሰው አመጋገብም፣ የስኳር መለኪያ የማግኘት ዕድሉም ከእነሱ ይለያልና ቁጥሩን እንዳለ ወስደን የራሳችን ነው ማለት አንችልም። እዚሁ ሊጠና ይገባል።

ደግሞ ነገሩ «ፁም» ወይም «አትፁም» ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የእንግሊዝ አገር ጥናት፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ተስፋ ይሰጣል። ከረመዳን በፊት ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ መድኃኒት ሰዓት የተማሩት ሕሙማን የስኳር መውረድ ሲቀንስላቸው፣ ባልተማሩት ላይ አራት እጥፍ ጨምሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን ሰው በላም አልበላም ስኳርን ያወርዳል፤ እንደ ወትሮው ጠዋት ተውጦ ቀኑን ሙሉ ከተፆመ አደጋ አለው። ሰዓቱንና መጠኑን የሚያስተካክለው ግን ሐኪም ነው፤ ጎረቤት አይደለም። ዓለም አቀፉ መመሪያ ይህ ምክክር ከወሩ 6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ እንዲደረግ ይላል። ያለፈው ቢያልፍም ዛሬ መጠየቅ ይቻላል።

በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው የተሰጠውን ፈቃድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆኖም ሁሉ ሲያፈጥር «እኔ እኮ አልፆምኩም» ብሎ ከማዕዱ ዳር መቀመጥ ለሽማግሌ ሰው ቀላል አይደለም። ስለ ኑሮ ጥራት የሚጠይቅ ጥናት ይህንንም መጠየቅ አለበት። ቤተሰብም ፆሙን የተወውን ሰው እንደ ጥፋተኛ ባያየው ግማሹን ሸክም ያቀልለታል።

ከባዱ ሰዓት ከዐስር በኋላ ያለው ነው። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ፆም አያስፈታም፤ መመሪያውን ያዘጋጁት የሕክምና ባለሙያዎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ይህንኑ ይላሉ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መወላገድ ከታየ፣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ፆሙ ወዲያው ይፈታል፤ ከ300 በላይ ሲሆንም እንዲሁ። «መግሪብ ሊደርስ 20 ደቂቃ ነው የቀረው፣ ትንሽ ታገሺ» የሚባለው ያኔ ነው። በዚያች 20 ደቂቃ ሰው ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ ስኳሩ የወረደበት ሰው አዛኑን ሳይጠብቅ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ጭማቂ ይሰጠው።