መልሱ የገበሬው ይሁን

ከጉዱማሌ፣ ሐዋሳ

ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን ለማክበር የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሌላው የሲዳማ ነዋሪ ጋር ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ያለ የሻፌታን ምልክት፣ በደቡብ ክልል ይቀጥል ያለ የጎጆን ምልክት መርጧል። ምርጫ ቦርድ ባስታወቀው ውጤት መሠረት ከ2 ሚሊዮን 200 ሺህ የሚበልጥ ሰው ድምፅ ሲሰጥ 98.5 በመቶው ሻፌታን ደግፏል። ሲዳማም በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ።

ቁጥሩ ትልቅ ነው። የመለሰው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው። ገበሬው ከአዲሱ ክልል በቅድሚያ የሚጠብቀው መንገድ ነው ወይስ ንጹሕ ውሃ? የቡና ዋጋ ነው ወይስ በወቅቱ የሚደርስ ማዳበሪያ? ወይስ መሬት ላልደረሳቸው ልጆቹ ሥራ? የድምፅ መስጫው ወረቀት ይህን አልጠየቀም። ድምፅ ሕዝቡ ምን እንደ ወሰነ ይናገራል እንጂ ለምን እንደ ወሰነ አይናገርም። ምክንያቱን ለማወቅ ሰዉን ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል። የማኅበራዊ ጥናት ሥራም ይኸው ነው።

«ከቀበሌያችን ስምንት ሰው ጠይቆ የሄደ እንግዳ የሕዝቡን ሐሳብ እንዴት ያውቃል?» የሚል መሪ አይጠፋም። ነገሩ ከአፈር ምርመራ አይለይም። የልማት ሠራተኛ አፈር ሲያስመረምር ማሳውን ሙሉ ቆፍሮ አይጭንም። ከልዩ ልዩ ቦታ ጥቂት ጥቂት አንሥቶ፣ አደባልቆ፣ ከዚያ ላይ ይልካል። ከፍግ ክምር አጠገብ ብቻ ካነሣ ግን ኩንታል ሙሉ ቢልክም ውጤቱ ያሳስታል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠይቅ ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይሸነፋሉ ብሎ ነበር። ስሞቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበር ድሃው በአመዛኙ ተዘለለ። መልስ የላኩትም ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። እጅግ ያነሰ ሰው የጠየቀው ጆርጅ ጋሎፕ ግን አሸናፊውን በትክክል አውቋል። ከብዛቱ ይልቅ አመራረጡ ይበልጣል ማለት ነው።

በአገራችንም አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓመተ ምሕረት 2,400 ያህል ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ መልሶቹን መርምረው በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ያነሡት ጥያቄ ለእኛ መሪዎች ጠቃሚ ነው፤ ሕዝቡ ስለ ዴሞክራሲ የሰጠው መልስ ከፍርሃት የመጣ ነው፣ ካለማወቅ ነው፣ ወይስ የራሱ አረዳድ ስላለው ነው? የድርጅቱ ጠያቂዎች በመጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጠያቂውን መንግሥት ልኮታል ብሎ የሚያምን ሰው መልሱን ሊያስማማለት ይችላልና።

ይህን በልማት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን። ገበሬ ስንት ኩንታል አገኘህ ሲባል አስቀድሞ የጠያቂውን ፊት ያያል። ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ከሠጋ ያሳንሳል፤ በሞዴልነት እሸለማለሁ ካለ ያበዛል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አጠገቡ ቆሞ ሲያዳምጥማ ከልቡ አይናገርም። አንዳንድ መሪዎች ቀበሌያቸው እንዳይነቀፍ በማሰብ ጠያቂውን ወደ ደህናው ጎጆ ብቻ ይመራሉ። «ውሃ አለን» ተብሎ የተጻፈበት መንደር ግን ቧንቧ ሲታደል ይዘለላል፤ እንስራ ተሸክመው የሚሄዱት እናቶች ናቸው የሚጎዱት።

ሁለተኛው ጉዳይ የምርጫ ተስፋ ነው። «የተመራጭ ቃል ነፋስ ነው» የሚል አነጋገር በገጠር የተለመደ ነው። ሮበርት ቶምሰንና ባልደረቦቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ባወጡት ጥናት በ12 አገሮች፣ በ57 የምርጫ ዘመቻዎች የተሰጡ ከ20,000 በላይ ተስፋዎችን ተከታትለዋል። ሥልጣን ለብቻቸው የያዙ ፓርቲዎች ሥልጣን ከሚጋሩት ይልቅ ቃላቸውን ይበልጥ እንደሚፈጽሙ አሳይተዋል። አጥኚዎቹ መከታተል የቻሉት ግን ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ብሎ ማረጋገጥ የሚቻለውን ቃል ነው። «ገበሬውን እናሳድጋለን» የሚለውን ማንም ሊመዝነው አይችልም። «ማዳበሪያው ከመዝራት በፊት እዚህ መጋዘን ይደርሳል» የሚለውን ግን ማንኛውም ገበሬ ይመዝነዋል።

በቤኒን አገርም ሌዎናር ዋንቼኮን በ2001 የፕሬዚዳንት ምርጫ ጊዜ ያደረገው ሙከራ አለ። በአንዳንድ መንደሮች ለአካባቢው ብቻ ጥቅም እንደሚሰጥ፣ በሌሎቹ ለአገር ሁሉ የሚበጅ ዕቅድ እንዳለ ተሰበከ። በጠቅላላው የአካባቢው ጥቅም ይበልጥ ድምፅ ሳበ፤ ሴቶች ግን የጋራውን ዕቅድ ከወንዶች የተሻለ ሰምተውታል። እንግዲህ የማኅበሩን ሐሳብ ከወንዶች አፍ ብቻ የሚሰማ መሪ የሕዝቡን ግማሽ አልሰማም ማለት ነው።

ስለሆነም የማኅበራት መሪዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። ጠያቂ ሲመጣ ማንነቱንና የሥራ ወረቀቱን አጣርተው፣ መንገድ አሳይተው፣ ከበር ይመለሱ። ዕጣው የወጣለትን ቤት በሌላ አይለውጡ። ተመራጭ ቃል ሲገባም ምን ያህል፣ የት፣ እስከ መቼ ብለው ጠይቀው በቃለ ጉባኤ ይጻፉት፤ በዓመቱም በጉባኤ ፊት ያንብቡት።

በሲዳማ የአፊኒ ባህል ነገር የሚጀመረው «ሰምታችኋል?» ተብሎ ነው። አስቀድሞ መሰማማት፣ ቀጥሎ መወሰን። ገበሬው እንዲሰማ መሪው ጥቂት ዝም ማለት ይኖርበታል።